ችቦው ካለፈ በኋላ ቁጭ በሉ፦ ናራ ላይ ኦሚዙቶሪን እንዴት እንዳየሁት

ጃፓን ለትምህርት ከመጣሁ ሦስተኛ ዓመቴን ይዣለሁ፣ የምኖረው ናራ ነው፣ እና ከአገር ቤት ሰው ደውሎ "ልጎበኝሽ ብመጣ መቼ ይሻላል?" ሲለኝ ሁሉም የሚያስበው ሳኩራ የሚባለውን የቼሪ አበባ ነው። እኔ ደግሞ ሁሌም የምመልሰው አንድ ነው፣ አበባው ሳይፈነዳ ኑ፣ ከፌብሩዋሪ መጀመሪያ እስከ ማርች አጋማሽ ባለው ጊዜ። ብርዱ አጥንት ይሰብራል፣ እውነት ነው፣ ዛፉም ገና ራቁቱን ነው፣ ግን ሰዉ ብርዱን ሸኝቶ ጸደይን የሚቀበልባቸው ትልልቅ በዓሎች ያሉት እዚያ ውስጥ ነው። ናራ ላይማ ኦሚዙቶሪ የሚባለው የቤተ መቅደስ በዓል ካላለቀ ጸደይ አይገባም ነው የሚባለው።

የመጀመሪያዬ ሴትሱቡን ነበር፣ 2024 ላይ ፌብሩዋሪ 3 የዋለው። በነሱ ድሮ አቆጣጠር ጸደይ ከሚጀምርበት ቀን ዋዜማው ማለት ነው። አከራዬ፣ እኔ ኦካሳን ነው የምላቸው፣ እናቴ እንደማለት፣ ጠሩኝና አንድ ጎድጓዳ ሳህን ሙሉ አኩሪ አተር ሰጡኝ፣ የተቆላ፣ በቃ ቆሎ ነው! በሩን ከፍተው "ኦኒ ዋ ሶቶ፣ ፉኩ ዋ ኡቺ" እያሉ ወደ ውጪ ይበትናሉ፣ ጋኔን ውጣ በረከት ግባ ነው ነገሩ፣ ከዚያ እያንዳንዱ ሰው በዕድሜው ልክ ቆጥሮ ይበላል። እኔ 27 ቆጠርኩ፣ ኦካሳን የራሳቸውን ሲቆጥሩ ጥሩ ጊዜ ወሰደባቸው። በዚያው ማታ ኤሆማኪ የሚባል ወፍራም የሱሺ ጥቅል ሳይቆረጥ የዓመቱ ዕድል ወዳለበት አቅጣጫ ዞረው ሳይናገሩ ነው የሚበሉት፣ አቅጣጫው በየዓመቱ ይቀያየራል። ለምትመጡ ሰዎች ልብ እንድትሉት የምፈልገው ቀኑም እንደሚንሸራተት ነው፣ 2025 ላይ ፌብሩዋሪ 2 ነው የዋለው፣ ስለዚህ ሁሌ 3 ነው ብላችሁ ቲኬት አትቁረጡ።

ማርች 3 ደግሞ ሂናማትሱሪ አለ፣ የሴት ልጆች ቀን፣ አሻንጉሊቶቹ በደረጃ ተደርድረው ንጉሡና ንግሥቲቱ ከላይ ይቀመጣሉ። ደስ ይላል፣ ግን ይሄን ሁሉ የምጽፈው ለኦሚዙቶሪ ብዬ ነው።

ስለ ኦሚዙቶሪ መጀመሪያ የሰማሁት ከክፍል ልጆች ነው፣ ቶዳይጂ በሚባለው ትልቁ ቤተ መቅደስ ግቢ ውስጥ ኒጋትሱዶ የሚባል ገደል ላይ የተሠራ አዳራሽ አለ፣ ማታ ማታ በረንዳው ላይ ግዙፍ ችቦ ይዘው ይሮጣሉ አሉኝ። እኔ ችቦ ሲባል ደመራ ነው የመጣብኝና ልቤ ዘለለ። ማርች 1 ይጀምራል፣ ማርች 14 ያልቃል፣ ሰዓቱ ከምሽቱ 1 ሰዓት። የመጨረሻው ቀን ይደምቃል ብዬ 14ን መረጥኩ፣ ከዩኒቨርሲቲው ቤተ ሙከራ ወጥቼ እየሮጥኩ አንድ ሰዓት ሩብ ጉዳይ ሲሆን ደረስኩ፣ እና ከፊቴ የማየው ሰው ሁሉ ወደ ታች እየወረደ ነው። ለካ በመጨረሻው ቀን የሚጀምረው 12:30 ላይ ነው፣ አሥሩም ችቦ በአንድ ላይ በረንዳው ላይ ይደረደርና አሥር ደቂቃ ገደማ ቆይቶ ያልቃል። የቀረኝ የጭስ ሽታ ብቻ ነበር። ዓመት ሙሉ መጠበቅ አለብኝ ማለት ነው ብዬ እዚያው ደረጃው ስር ቆሜ አለቀስኩ፣ በእውነት።

ቤት ገብቼ ለኦካሳን ስነግራቸው ሻይ ቀዱልኝና ዝም ብለው ቆዩ፣ ከዚያ ያሉኝን እስካሁን አልረሳውም። "ችቦው እኮ መብራት ነው" አሉኝ። "መነኩሴው ማታ ደረጃውን ሲወጣ መንገዱ እንዲታየው ነው የሚበራለት። ጸሎቱ የሚጀምረው እሱ ከገባ በኋላ ነው። በሚመጣው ዓመት አብረን እንሄዳለን፣ ማርች 5።"

ለምን 5 እንዳሉኝ የገባኝ በዓመቱ ውስጥ እያነበብኩ ስሄድ ነው። የበዓሉ ትክክለኛ ስም ሹኒኤ ነው፣ ጂቹ የሚባል መነኩሴ በ752 ጀመረው ይባላል፣ የቶዳይጂ ትልቁ የቡድሃ ሐውልት ዓይኑ ተስሎ የተመረቀበት ዓመት ማለት ነው፣ ከዚያ ወዲህ አንድም ዓመት ተቋርጦ አያውቅም። 1180 ላይ ጦርነት ቶዳይጂን ሲያቃጥለው አልተቋረጠም፣ 1667 ላይ በራሱ በሹኒኤ ወቅት ኒጋትሱዶ ሲቃጠልም አልተቋረጠም፣ አዳራሹ 1669 ላይ እንደገና ተሠራ፣ አሁን የምናየው እሱን ነው። በኮሮናም ቀጥሏል። እኔ የተካፈልኩበት የ2025ቱ 1274ኛው ነበር። ቁጥሩን ስጽፈው ራሱ ሰውነቴን ይወረኛል።

የሚያካሂዱት 11 መነኮሳት ናቸው፣ ሬንግዮሹ ይባላሉ፣ ስማቸው ዲሴምበር 16 ላይ ይታወጃል። ከፌብሩዋሪ 20 ጀምረው ከሰው ተለይተው ይቀመጣሉ፣ የሚሞቁት እሳት እንኳን ከሌላው ሰው የተለየ ነው፣ የሚለብሱትን የወረቀት ልብስ ያዘጋጃሉ፣ ለመሠዊያው ከወረቀት የካሜሊያ አበባ ይሠራሉ። በዓሉ ሲጀምር በቀን አንዴ ቀትር ላይ ይበላሉ፣ ከዚያ የሌሊቱ ጸሎት እስኪያልቅ ውሃም የለም። የሚጸልዩት ካኖን በምትባለው በ11 ፊቷ የርኅራኄ አምሳል ፊት ነው፣ ስለራሳቸው ብቻ ሳይሆን ስለሰው ሁሉ ንስሐ ይገባሉ። የእኔ ሃይማኖት ሌላ ነው፣ ግን 2025 ላይ ሁዳዴ ፌብሩዋሪ 24 ስለገባ እኔም ጾም ላይ ነበርኩ፣ እና የጾመ ሰው የሌላውን ጾም በሆዱ ያውቀዋል። በነገራችን ላይ ለምትጾሙ፣ ጃፓን ውስጥ ሾርባው ሁሉ ማለት ይቻላል የደረቀ ዓሣ አለበት፣ ካትሱኦቡሺ ይባላል፣ አትክልት ብቻ የሚመስለው ራሱ፣ ስለዚህ ከዓሣም የምትጾሙ ከሆነ ስሙን ጠርታችሁ ጠይቁ፣ ወይም ሾጂን ርዮሪ የሚባለውን የመነኮሳት ምግብ ፈልጉ።

ማርች 5 ረቡዕ ነበር። ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ ደርሰን ከአዳራሹ በታች ያለው ሜዳ ላይ አጥሩ ጋ ቦታ ያዝን፣ ሦስት ሰዓት ቆምን ማለት ነው። እኔ ካይሮ የሚባለውን በእጅ የሚያዝ ማሞቂያ ሁለቱም ጫማዬ ውስጥ ከትቼ ነበር፣ ባይሆን ኖሮ አልችልም ነበር። ልክ ሰዓቱ ሲደርስ መብራቱ ሁሉ ጠፋ፣ ደወል ተደወለ፣ እና ከግራ በኩል ጣሪያ ባለው ደረጃ ውስጥ አንድ ትልቅ ብርሃን ቀስ እያለ መውጣት ጀመረ። አንድ ሰው ብቻውን ነው የሚሸከመው፣ ስድስት ሜትር ገደማ የሚሆን ቀርከሃ ጫፉ ላይ የሱጊ ዛፍ ቅርንጫፍ ታስሮበት፣ 40 ኪሎ ገደማ ነው፣ እና ከኋላው መነኩሴው ይከተላል። በረንዳው ጫፍ ላይ ሲደርስ ችቦውን ከአጥሩ ውጪ አውጥቶ ያዘው፣ ቅጠሉ ሲንጣጣ ታች ድረስ ይሰማል፣ ከዚያ እያሽከረከረው ወደ ሌላው ጫፍ ሮጠ፣ የእሳት ፍንጣሪ እንደ ዝናብ ወረደብን። ሰው "ዋ!" ይላል በአንድ ድምፅ። አንዷ ፍንጣሪ የጃኬቴ እጅጌ ላይ አርፋ ቀዳዳ አወጣችበት፣ ስለዚህ ስስ ናይለን ነገር ለብሳችሁ ፊት ለፊት አትቁሙ፣ ሱፍ ወይ ጥጥ ከላይ ደርቡ፣ ኮፍያም አድርጉ። አሥር ችቦ አንድ በአንድ አለፈ፣ 20 ደቂቃ ገደማ። ማርች 12 ግን 11 ችቦ ነው፣ በጣም ትልልቁ፣ ወደ 70 ኪሎ፣ የሚጀምረውም 1:30 ነው፣ ሕዝቡም ያኔ ከልክ በላይ ነው።

አሥረኛው እንዳለፈ ሰዉ ስልኩን ኪሱ ከቶ መውረድ ጀመረ፣ ሁሉም ማለት ይቻላል። ኦካሳን ክንዴን ያዝ አድርገው "አሁን እንውጣ" አሉኝ። ደረጃው ላይ ተቃጥሎ የወደቀ የሱጊ ቅጠል ሰዎች ጎንበስ እያሉ ይለቅማሉ፣ ከክፉ ይጠብቃል ተብሎ ቤት ይወሰዳል፣ እኔም አንድ ጥቁር ቁራጭ አነሳሁ፣ ገና ይሞቅ ነበር።

ሴት ወደ ውስጠኛው ክፍል አይገባም፣ ግን በዙሪያው ትሱቦኔ የሚባሉ ጠባብ ክፍሎች አሉ፣ እዚያ በእንጨት ፍርግርግ በኩል ቁጭ ብሎ ማድመጥ ይቻላል። ጨለማ ነው፣ ስልክ አይወጣም፣ ፎቶ የለም፣ ወሬ የለም። ከፊታችን ነጭ መጋረጃ አለ፣ ከኋላው የዘይት መብራት ይበራል፣ የመነኮሳቱ ጥላ መጋረጃው ላይ እየረዘመ እያጠረ ይሄዳል። የእንጨት ጫማቸው ወለሉ ላይ ሲረግጥ ይሰማል፣ ድንገት ጓ! የሚል ድምፅ ይመጣል፣ ደነገጥኩ፣ ለካ መነኩሴው ሰውነቱን እንጨት ላይ እየጣለ ነው፣ ስግደት ነው። ዜማቸው "ናሙ ካንጂዛይ ቦሳትሱ" እያለ በዝግታ ይጀምራል፣ ደጋግመው ደጋግመው ይሉታል፣ ከዚያ እየፈጠነ "ናሙ ካንጂዛይ" ብቻ ይሆናል፣ ከዚያ "ናሙ ካን፣ ናሙ ካን"። የሌሊት ማኅሌት ቆሞ ያደረ ሰው ዜማ ሲፋፋም ደረት ውስጥ የሚሆነውን ያውቀዋል፣ እሱን ነው የተሰማኝ።

ኦካሳን 5ን የመረጡት ለዚህ ነው፣ ማርች 5 እና 12 ሌሊት ካኮቾ ይነበባል፣ ለቤተ መቅደሱ መልካም ያደረጉ የሞቱ ሰዎች ስም ዝርዝር፣ ከንጉሠ ነገሥት ሾሙ ጀምሮ። በ1200ዎቹ መጀመሪያ አንድ መነኩሴ ሲያነብ ሰማያዊ የለበሰች ሴት ፊቱ ቆማ "የእኔን ስም ለምን ዘለልከው?" አለችው ይባላል፣ ማን እንደሆነች ስላላወቀ ዝቅ ባለ ድምፅ "ሰማያዊ የለበሰችው ሴት" ብሎ አነበባት፣ ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ ስሟ እንደዚያው ዝቅ ብሎ ይነበባል። እኔ ጃፓንኛዬ ለዚያ አይደርስም፣ ስሞቹ እንደ ወንዝ ነው የሚፈሱት፣ ስለዚህ ኦካሳን ጣታቸውን ጉልበቴ ላይ አድርገው ጠበቁልኝ። እና ድምፁ ድንገት ወረደ፣ ሹክሹክታ ሊሆን ትንሽ ቀረው፣ ጣታቸው ጉልበቴን ነካ፣ እሷ ናት። ስሟ የማይታወቅ ሴት ከስንት መቶ ዓመት በኋላ በዚያ ብርድ ውስጥ ስትታወስ ሰምቼ እንባዬን መያዝ አልቻልኩም።

ከዚያ ሌሊቱ እየገፋ ሲሄድ ሩጫው መጣ፣ ሃሺሪ ይባላል። ጂቹ ይሄን ሥርዓት ያየው በሰማይ ነው ይላሉ፣ ወደ ምድር ልውሰደው ሲል በሰማይ አንድ ቀን በምድር 400 ዓመት ነው፣ አይደርስልህም አሉት፣ እሱም እየሮጥኩ አደርሰዋለሁ አለ። ስለዚህ መነኮሳቱ ጫማቸውን አውልቀው በመሠዊያው ዙሪያ ይሮጣሉ፣ ከመጋረጃው ኋላ የባዶ እግር ድምፅ ብቻ ነው የሚሰማው፣ ጥፍ ጥፍ ጥፍ፣ ጥላው ይበራል፣ እየደከሙ አንድ በአንድ ይወጣሉ።

ስንወርድ ሰዓቱን አላየሁትም፣ የአውቶቡስ ነገር አክትሞ ነበር፣ ራቅ ያለ ሆቴል የምትይዙ ሰዎች አስቀድማችሁ የመጨረሻውን ባቡር እዩ፣ ወይም እዚያው ናራ እደሩ። እኛ በእግር ሄድን፣ ኦካሳን በ70ዎቹ ዕድሜያቸው ከእኔ ይፈጥኑ ነበር። የሱጊዋን ቁራጭ ማድቤት በር ላይ ሰቀልኳት።

ሩጫው ማርች 6 እና 7ም እንዳለ ነገሩኝ። በማግስቱ ብቻዬን ሄድኩ፣ በሦስተኛውም ቀን ሄድኩ፣ ችቦውን ግን በሁለቱም ቀን ከኋላ ቆሜ ነው ያየሁት።