መጀመሪያ ቦምቡን አሳዩን

ፊልሙ ሲጀምር ድሮን ከተማዋን ከላይ ይቃኛል፤ ሙዚቃ ይንቆረቆራል፤ የማንቂያ ደወል ይጮኻል፤ ባለታሪኩ ተነሥቶ ፊቱን ይታጠባል። ቀረጻው ሊያምር ይችላል። ችግሩ ተመልካቹ የሚጠብቀው ነገር አለመኖሩ ነው።

የፊልም መክፈቻ ሰው ከማስተዋወቁ በፊት የሚያስጨንቅ ነገር ቢሰጠን፣ ለጭንቀቱም የጊዜ ገደብ ቢያበጅለት ተመልካቹን ይይዛል። ኦርሰን ዌልስ በ1958 እ.ኤ.አ. የሠራው «ተች ኦቭ ኢቭል» የተባለ ፊልም ሲጀምር የምናየው እጅ ነው፤ የቦምብ ሰዓት ይሞላል። ሰውየው ሮጦ ቦምቡን መኪና ኋላ ዕቃ መጫኛ ውስጥ ይከታል። ባለመኪናውና አንዲት ሴት ምንም ሳያውቁ ገብተው ይነዳሉ። ከዚያ በኋላ በክሬን ላይ ያለው ካሜራ ጣሪያ ተሻግሮ ይወርድና ከ3 ደቂቃ በላይ ሳይቆረጥ መንገዱን ይከተላል። ቦታው የሜክሲኮ ድንበር ይባል እንጂ የተቀረጸው ካሊፎርኒያ፣ ቬኒስ ውስጥ ነው።

ዋናው ብልሃት ግን ርዝመቱ አይደለም። አዲስ ተጋቢዎች በእግር እየሄዱ ነው፤ መኪናዋ አንዴ ትቀድማቸዋለች፣ አንዴ መንገድ ተዘግቶባት ይደርሱባታል። ቦምቡ ይቀርባቸዋል፣ ይርቃቸዋል። ኬላው ላይ ጎን ለጎን ይቆማሉ፤ መኪናው ውስጥ ያለችው ሴት ጭንቅላቴ ውስጥ ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ አለ ትላለች፣ የሚሰማት የለም። መኪናዋ ከዓይናችን ከወጣች በኋላ ይፈነዳል፤ የመጀመሪያው ቁርጥም እዚያው ነው። ቀድሞ ቢቆረጥ ኖሮ ኤዲተሩ ጊዜውን ሊያስረዝም እንደሚችል ስለምናውቅ ፍርሃቱ ይላላ ነበር። ብዙዎች የሚኮርጁት ግን ርዝመቱን ብቻ ነው፦ አራት ደቂቃ ሙሉ የሚራመድ ሰው ጀርባ፣ ያለ ቦምብ።

እንዲህ ያለ ሾት (ሳይቆረጥ በአንድ ጊዜ የሚቀረጽ ምስል) የሚበላሸው መጨረሻው ላይ ነው። የኬላውን ጠባቂ የሚጫወተው ተዋናይ ንግግሩ እየጠፋበት ሁሉም ከመነሻው ይደገም ነበር። ስለዚህ ከባዱን ንግግር መጨረሻ ላይ አታስቀምጡ፤ ግድ ከሆነም ከንፈሩን ያንቀሳቅስ፣ ድምፁ በኋላ ይገባል።

ስቱዲዮው ዩኒቨርሳል በዚህ ሾት ላይ የሠራተኞቹን ስም ደርድሮ የሄንሪ ማንቺኒን ሙዚቃ ለቀቀበት። ዌልስ ለስቱዲዮው በጻፈው የ58 ገጽ ማስታወሻ የጠየቀው ከየመሸታ ቤቱ የሚወጣ የተለያየ ዘፈን ነበር። በ1998 እ.ኤ.አ. ኤዲተሩ ዋልተር መርች ፊልሙን በማስታወሻው መሠረት እንደገና ሲያቀናብረው ስሞቹን አነሣ፣ የመሸታ ቤቶቹንና የመኪናዋን ሬዲዮ ድምፅ መለሰ። አሁን መኪናዋ ባትታይም በሬዲዮዋ የት እንዳለች እናውቃለን። ለእኔ ይሄኛው ይበልጣል።

የራሳችሁን ለመፈተን የመጀመሪያዎቹን 3 ደቂቃዎች ያለ ሙዚቃና ያለ ጽሑፍ አውጡ። ስክሪፕቱን ላላነበበ ሰው አሳዩና አቁማችሁ «አሁን ምን እየጠበቅህ ነው?» በሉት። መልስ ካጣ ከፊት ቁረጡ፤ አንድ ነገር የሚለወጥበት ሾት እስኪመጣ ድረስ። የሠራተኞች ስም የሚጻፈው ተዋናይ ፊት ላይ ሳይሆን ባዶ ግድግዳ ወይም ሰማይ ላይ ነው። ፊልሙ ዩቲዩብ ላይ የሚወጣ ከሆነ ድምፁን በስልክ ስፒከር ስሙት፤ በስቱዲዮ ስፒከር የሚያስፈራው ወፍራም ጉምጉምታ እዚያ ጨርሶ አይሰማም።