ትችላለህ

ዛሬ የተቀመጥኩት ስለ ነፋሱ ልጽፍ ነበር።

የአዳማን ነፋስ የምታውቁ ታውቁታላችሁ። ክረምቱ ወጥቶ ጥቅምት ሲጋመስ ይመጣል። ከዚያ በኋላ በር ከፍቶ ቡና መጠጣት ቀረ። አቧራው ሲኒ ውስጥ ይገባል፣ ጥርስ መሃል ይንኮሻኮሻል። ከከተማው ወጣ ብሎ ኮረብታው ላይ የቆሙት ተርባይኖች ግን ወቅታቸው ነው። መጀመሪያ 34 ተተከሉ፣ ቀጥሎ 102፣ ባጠቃላይ 136። ሲከፋኝ መቁጠር እወዳለሁ። እነሱ እየዞሩ መብራት ያመርታሉ፣ እኔ ደግሞ መብራት ጠፍቶብኝ እሁድ ከሰዓት አልጋ ጫፍ ላይ ተቀምጫለሁ። የጎረቤት ቆርቆሮ ጫፉ ተነቅሎ ጣ... ጣ ጣ... ጣ ይላል። እንዲህ ባለ ቀን ሰው ወይ ይተኛል ወይ ይከፋዋል። እኔ መጀመሪያ ተኛሁ፣ ስነሳ ከፋኝ።

ስልኬን ከፈትኩ። የእህቴ የእቴቴ መልእክት እዚያው ነው። ከሦስት ሳምንት በፊት የገባ።

«ቅዳሜ ማኅበሩ እኔ ጋ ነው። መምጣት ትችላለህ።»

አራት ነጥቡን ልብ በሉልኝ። እቴቴ በቴክስት አራት ነጥብ አድርጋ አታውቅም።

እኔም መምጣት እንደምችል ተረዳሁ። መቻሌን በደስታ ተቀበልኩ። ቅዳሜ ግን ኳስ ነበር፣ ድካም ነበር፣ ደግሞም ጽዋ ላይ ከእናቶች መሃል ቁጭ ብዬ «መቼ ነው የምታገባው?» መባል አላማረኝም። ቀረሁ። ከዚያ ወዲህ ስልኬን አታነሳም። በትንሹ ወንድማችን በኩል «እሱ ትልቅ ሰው ሆኗል» ብላለች አሉ። በእኛ ቤት ይሄ አድናቆት እንዳልሆነ ለእናንተ አልነግርም።

እና ያንን አራት ነጥብ ሳይ ምን ትዝ አለኝ? ውጫሌ። አትሳቁ። አራት ዓመት ፖለቲካል ሳይንስና ዓለም አቀፍ ግንኙነት ተምሬ ቀለምና ሚስማር እንደምሸጥ ታውቃላችሁ። ዲግሪው አንዳንዴ መውጫ ይፈልጋል።

ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም ምኒልክና የኢጣልያው መልእክተኛ አንቶኔሊ ውጫሌ ላይ ውል ተፈራረሙ። የአማርኛው አንቀጽ 17 ንጉሠ ነገሥቱ ከአውሮፓ ነገሥታት ጋር ላላቸው ጉዳይ በኢጣልያ በኩል መላላክ «ይቻላቸዋል» ይላል። በጣልያንኛው ግን ግዴታ ሆኖ ቁጭ አለ። ምኒልክ መንገሣቸውን ለአውሮፓ ሲያሳውቁ፣ ከእንግሊዝ የመጣው መልስ እንዲህ ያለው ነገር በኢጣልያ በኩል ነው የሚያልፈው የሚል ሆነ። የገዛ ቤትህን በር ስታንኳኳ ሌላ ሰው ከውስጥ «ማን ልበል?» ሲልህ ማለት ነው። በ1885 ውሉን አፈረሱት። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓድዋ።

ነገሩ ግልጽ ሆነልኝ። እኔ ምኒልክ ነኝ፣ እቴቴ ኢጣልያ ናት። «ትችላለህ» ብላ ጻፈችና «አለብህ» ብላ አነበበችው። በዚህ አምስት ደቂቃ ያህል ደስ አለኝ።

ችግሩ ትምህርቱ ሙሉ በሙሉ አልጠፋብኝም። ለአንድ ግሥ ብሎ የሚዋጋ የለም። ኢጣልያ ምጽዋን የያዘችው በ1877 ነው። ዶጋሊ ላይ አሉላ የመቷት በ1879 ነው። ውሉ ከመፈረሙ በፊት ምን እንደምትፈልግ ታውቅ ነበር። ያ ግሥ ባይኖር ሌላ ግሥ ይገኝ ነበር። ይህን መጀመሪያ የለየው የግሪኩ ታሪክ ጸሐፊ ቱሲዲደስ ነው ይባላል፣ ከ2400 ዓመት በፊት። አቴንስና ስፓርታ 27 ዓመት ተላለቁ። ሰው የሚያወራው ስለ ሜጋራ ነጋዴዎች መታገድ፣ ስለዚህ ቅኝ ግዛት፣ ስለዚያ ወደብ ነበር። እሱ ግን እውነተኛው ምክንያት ብዙም ሳይነገር የቀረው ነው አለ። አቴንስ እያደገች ሄደች፣ ስፓርታ ፈራች። በቃ።

እኔና እቴቴ መሃል ታዲያ ምን አደገ? ማን ፈራ?

ረከቦቱ።

የእማዬ ረከቦት። አንድ እግሩ ተሰብሮ በሽቦ የታሰረው። ከነሲኒዎቹ፣ እጀታዋ የወለቀችው ሲኒ ሳትቀር። እማዬ ካረፈች በኋላ ዕቃ ስናነሳ እቴቴ ማንንም ሳትጠይቅ በነጠላ ጠቅልላ ይዛው ሄደች። ማንም ምንም አላለም። እኔ ረከቦት ምን ያደርግልኛል? ቡና የምጠጣው ሱቁ አጠገብ ካለችው ልጅ ነው። ግን ያኔ ነጠላውን ስትቋጥር አየኋት። ቋጠሮውን ሁለቴ አጠበቀችው። እስካሁን ያ ቋጠሮ ይታየኛል።

ዋልትዝ የሚባለው አሜሪካዊ የጦርነትን ምክንያት ሦስት ቦታ ፈልጉት ይላል። በሰው ባሕርይ፣ በአገሮች ውስጣዊ ሁኔታ፣ ወይም ከአገሮች በላይ ማንም ባለመኖሩ። የመጀመሪያውን ከወሰድን እቴቴ ቁጡ ናት፣ እኔ ደረቅ ነኝ። ይሄ ያለ ነው፣ ግን ከልጅነታችን ጀምሮ እንዲሁ ነን፣ ሦስት ሳምንት ተኮራርፈን አናውቅም። ሁለተኛው ላይ ባሏ አለ፣ እሱን እንተወው፣ ይህን ጽሑፍ ያነባል። ሦስተኛው ላይ ስደርስ ነው የቆምኩት።

መምህራችን «አናርኪ» ሲል እኛ ደብተራችን ላይ «ሥርዓት አልበኝነት» ብለን ጻፍን። ፈተናም ላይ እንደዚያው። ዛሬ ሳስበው ቃሉ አሳሳተን። ብጥብጥ ማለት አይደለም። ከላይ ማንም የለም ማለት ነው። አቤት የሚባልበት ደጅ የለም። ጃንሆይ ሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም ጄኔቫ ላይ የመንግሥታት ማኅበር ፊት ቆመው በአማርኛ አቤት አሉ። ደጅ ያለ ይመስል ነበር። የጣልያን ጋዜጠኞች አፏጩባቸው። ማኅበሩ በኢጣልያ ላይ የጣለው ማዕቀብ ሲጀመርም ነዳጅን አልነካም፣ የስዊዝ ቦይም አልተዘጋም። ሐምሌ ላይ እሱም ተነሳ።

እኛ ቤት ደጅ ነበረን። እማዬ።

ዳኛ ግን አልነበረችም። ስንጣላ «ማን ጀመረ?» ብላ አታውቅም። እቴቴ ክሷን ስትጀምር «አልጠየቅኩሽም» ትላታለች። ሁለታችንንም አንድ ትሪ ላይ ታስቀምጠናለች። ሽሮው ይመጣል። ከዚያ መጎራረስ ነው፣ መጀመሪያ ታናሽ፣ ቀጥሎ ታላቅ። የተኮራረፉትን ሰው ማጉረስ ምን ያህል ከባድ እንደሆነ የሞከረ ያውቀዋል። ዓይኑን ሳታይ አፉን ማግኘት አትችልም። እቴቴ አንዴ ጉርሻውን በሚጥሚጣ ሞልታ አፌ ውስጥ ከተተችው። አለቀስኩ። እማዬ መሳቋን ለመደበቅ ወደ ጓዳ ገባች፣ ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ አየናት። ከዚያ እቴቴ ሳቀች። ከዚያ እኔም እያለቀስኩ ሳቅኩ።

እ.ኤ.አ. በ1814 እና 1815 ናፖሊዮንን ያሸነፉት መንግሥታት ቪየና ላይ ሲሰበሰቡ ፈረንሳይን ከማዕዱ አላስነሷትም። የፈረንሳዩ ተወካይ ታሌራን መጥቶ ተቀመጠ፣ ተከራከረ፣ በላ ጠጣ። ከዚያ ታላላቆቹ ክሪሚያ ላይ እስኪያያዙ 40 ዓመት ሊሞላ ምንም አልቀረውም። እ.ኤ.አ. በ1919 ቬርሳይ ላይ ደግሞ ጀርመን «ነይ ፈርሚ» ተባለች። አንቀጽ 231 «ማን ጀመረ?» ለሚለው የተጻፈ መልስ ነው፤ ጀርመንና አጋሮቿ። ሰላሙ 20 ዓመት ቆየ። እርግጥ ሁለተኛው ጦርነት በአንድ አንቀጽ አልመጣም፣ የ1929ኙ የኢኮኖሚ ውድቀት አለ፣ ሂትለር አለ፣ ሌላም ሌላም አለ። ግን እማዬ ቬርሳይ ላይ ብትኖር ኖሮ... ይሄን መጨረስ አልፈልግም፣ የሚጥሚጣ ንድፈ ሐሳብ ሊሆንብኝ ነው።

መቃብሯ ላይ በሁለተኛው ሙት ዓመት ተገናኝተን ነበር። አልተጣላንም። እዚያ ማን ይጣላል? ጀርመናዊው ፈላስፋ ካንት እ.ኤ.አ. በ1795 ስለ ዘላለማዊ ሰላም ሲጽፍ የሚጀምረው ከአንድ ሆላንዳዊ የእንግዳ ማረፊያ ምልክት ነው። ጽሑፉ «ዘላለማዊ ሰላም» ይላል፣ የተሳለበት ግን መቃብር ነው። ተማሪ ሆኜ ቀልዱ አልገባኝም ነበር።

እና ረከቦቱ ብቻ አይደለም። ማኅበሩም የእማዬ ማኅበር ነበር። ጽዋው ወደ እቴቴ ተላለፈ። አሁን እቴቴ ስታስል እንደ እማዬ ናት። «ጫማህን በር ላይ» ስትል እንደ እማዬ ናት። ባለፈው ፋሲካ ቡና ስትቀዳ ጀበናውን ከፍ አድርጋ፣ ሳታቋርጥ፣ ሲኒ ከሲኒ ስታሻግር ሳይ ተነስቼ ውጭ ወጣሁ። ስልክ የተደወለልኝ መሰልኩ። ኳሱም ድካሙም ውሸት ነው። ያን ቅዳሜ እዚያ ቤት ገብቼ ያን ረከቦት ማየት ፈርቼ ነው። ስፓርታ ሆኜ ማለት ነው። ከምኒልክ ስፓርታ፣ በአንድ ከሰዓት።

ዌንት የሚባል ምሁር ደግሞ አለ። የበላይ አለመኖር በራሱ ምንም አይደለም፣ አገሮች እርስ በእርስ የሚተያዩበት ዓይን ነው ትርጉም የሚሰጠው የሚለው። 500 የእንግሊዝ ኑክሌር አሜሪካን ከ5 የሰሜን ኮሪያ ያነሰ ያስፈራታል ይላል። ልክ ነው። ትንሹ በቀን አሥር ጊዜ «ደደብ» ይለኛል፣ ጆሮዬ ውስጥ አይገባም። የእቴቴ አንድ አራት ነጥብ ግን ሦስት ሳምንት እንቅልፍ ነሳችኝ።

ደግሞ እውነቱን ልናገር። በእኛ ቤት አማርኛ «ትችላለህ» ማለት ምን እንደሆነ አውቃለሁ። እማዬ «ከተመቸህ ብቅ በል» ካለች፣ ባይመችህም ብቅ ትላለህ። «ካልፈለግክ ተወው» ማለት «ተወውና ታያታለህ» ነው። እቴቴ የጻፈችው በዚያ ቋንቋ ነው። እኔ በመዝገበ ቃላት አነበብኩት። አንቶኔሊ እኔ ነኝ። እሱም ሸዋ ውስጥ ዓመታት የኖረ ሰው ነበር፣ ምን እንደተባለ ሳይገባው የቀረ አይመስለኝም።

አሁን 12 ሰዓት ሊሆን ነው። መልእክት ልጽፍላት አንድ ሰዓት ፈጀሁ። «እሁድ ልምጣ?» ብዬ ጻፍኩ፣ ፈቃድ መጠየቅ መሰለኝ፣ አጠፋሁት። «እሁድ እመጣለሁ» አልኩ፣ ወረራ መሰለ። «ልመጣ እችላለሁ» የሚለውን ጽፌ ራሴ ሳቅኩ። መጨረሻ ላይ «ቡና አለ?» ብዬ ላክሁ። ያለ አራት ነጥብ፣ በጥያቄ ምልክት። ሁለት ደቂቃ አልሞላም መለሰች።

«ቡና መቼ ጠፍቶ ያውቃል»

ምንም ምልክት የለውም። አራት ነጥብ የለም፣ ጥያቄ የለም፣ ሳቅ የለም። 30 ደቂቃ ሆነኝ እያየሁት። ግብዣ ነው ወይስ ወቀሳ? የእቴቴ ነው ወይስ የእማዬ? ባትሪዬ 8 ፐርሰንት ደርሷል። ለትንሹ ልኬለት «ደደብ፣ ሂድ» አለኝ፣ ግን እሱን ማን ይሰማዋል።

እሺ ልሂድ እንበል። ስኳር ይዤ ብገባ እንግዳ ሆንኩ ማለት ነው፣ ትቀየመኛለች። ባዶ እጄን ብገባ «ትልቅ ሰው ሆኗል» ትላለች። ግማሽ ኪሎ ስኳር ይሻላል?