ጃቫና የሚዛኑ ገመድ

ሰሞኑን አንድ ዲጂታል ሚዛን ከሱቅ ኮምፒውተር ጋር አገናኝልን ተባልኩ። ሚዛኑ ክብደቱን በሲሪያል ገመድ (መረጃን ቢት በቢት፣ ተራ በተራ በሚያስተላልፍ ገመድ) ይልካል፣ የኔ ሥራ ጃቫ በሚባለው የፕሮግራሚንግ ቋንቋ አንብቦ ስክሪን ላይ ማሳየት ብቻ ነው። የግማሽ ቀን ሥራ ነው ብዬ ገባሁበት። ሦስት ቀን ፈጀብኝ።

ጃቫ አንዴ ከጻፍከው የትም ይሠራል የሚባልለት በቨርቹዋል ማሽን (በፕሮግራሙና በኮምፒውተሩ መካከል በሚቆም ሶፍትዌር) ላይ ስለሚሮጥ ነው፤ ያው ማሽን ግን ከሃርድዌሩ ይጋርድሃል። ፋይል ወይም ኔትወርክ ከሆነ ሁሉም ነገር አብሮት ይመጣል፣ ለሲሪያል ፖርት ግን አብሮት የሚመጣ ላይብረሪ (ዝግጁ ኮድ) የለም። በሲ ቋንቋ የተጻፈ ኮድ እንደ ጄኤንአይ ባለ ጃቫን ከሌላ ቋንቋ ጋር በሚያገናኝ መንገድ መጥራት አለብህ፣ እሱ ደግሞ ለዊንዶውስ ሌላ፣ ለሊኑክስ ሌላ ነው። ድሮ አርኤክስቲኤክስ በሚባለው የሲሪያል ላይብረሪ ጊዜ ዲኤልኤል የሚባለውን የዊንዶውስ ኮድ ፋይል ትክክለኛው ፎልደር ውስጥ ማስቀመጡ ራሱ ፈተና ነበር። አሁን ጄሲሪያልኮም የሚባለው ላይብረሪ ሁሉንም በአንድ ጃር (የጃቫ ጥቅል ፋይል) ይዞ ይመጣል፣ ተገላገልን።

የኔ ላፕቶፕ ዊንዶውስ ነው፣ ፖርቱ ኮም3 ተባለ፣ ሠራ። የሱቁ ሊኑክስ ነው፣ እዚያ ስሙ ቲቲዋይዩኤስቢ0 ሆነና አልከፈት አለ። ኮዴን ሳገላብጥ አመሸሁ። ለካ ተጠቃሚው ዳያልአውት የሚባለው፣ ሲሪያል ፖርት መክፈት የተፈቀደላቸው ተጠቃሚዎች ግሩፕ ውስጥ የለም! አንድ ትእዛዝ ጻፍኩ፣ ወጥቼ ገባሁ፣ ተከፈተ። ቀጥሎ ቁጥሩ ዝብርቅርቅ ብሎ መጣ፤ ሚዛኑ በሴኮንድ በ9600 ቢት ፍጥነት ይልካል፣ እኔ 115200 ብዬዋለሁ።

ሲስተካከል ባለሱቁ አንድ ኪሎ የታሸገ ስኳር አስቀመጠ። 0.985 አለ።

"ይሄ ነገርህ ተበላሽቷል" አለኝ።