ከጮቤ በፊት

ማክሰኞ ማታ። ዝናቡ አላባራም። ታናሽ እህቴ ለጥምቀት እንደምትመጣ ጻፈች። ልመልስላት ብዬ «በጣም ደስ ብሎኛል» ላይ ስደርስ እጄ ቆመ። ደስ ብሎኛል ነገሩ ከሆነ በኋላ የሚባል ነው፤ ስብሰባ ሲዘጋም ይባላል። «ጓጉቻለሁ» ልበል? ጓጓ ገና ላልመጣ ነገር ነው፣ እሱስ ልክ ነው፤ ግን ምኞቱ እንጂ ደስታው አይታይበትም። ቋመጠ ምራቅ አለበት። ልቤ ተሰቀለ ብል ደግሞ የፈተና ውጤት እንደሚጠብቅ ሰው ነው፣ ግማሹ ፍርሃት።

ለንዴት ቢሆን እንዲህ አልቸገርም ነበር። የአማርኛ ንዴት ያደገው ምድጃ ዳር ነው። አነደደና አናደደ የሚለያዩት በ«ነ» እና በ«ና» ብቻ ነው፤ አንዱ እንጨት ይለኩሳል፣ ሌላው ሰው። ንዳድም የዚያው ቤት ልጅ ነው። ከዚያ ወዲያ ቃሉ የሚመረጠው በእሳቱ መጠን ነው። ቱግ ማለት ክብሪት የነካው ደረቅ ጭራሮ ነው፦ ድንገት ይነሳል፣ ቶሎ ይወርዳል። «3 ወር ሙሉ ቱግ ብሎ ከረመ» ብሎ የጻፈ ሰው እሳት አንድዶ አያውቅም። ገነፈለ ወተት ነው፣ ጀበና ነው፤ እንዲገነፍል መጀመሪያ ታፍኖ መቆየት አለበት። ችሎ ችሎ አንድ ቀን የሞላበት ሰው ገነፈለ ቢባል ያምርበታል፤ ቀኑን ሙሉ ሲጮህ የዋለው ግን ከየት አምጥቶ ይገነፍላል? ተንጨረጨረ ድምፅ አለው፤ አጠገቡ የቆመውን ሳይቀር ይፈናጠቅበታል። አረረ ግን ዝም ነው። ከሥር ነው የሚይዘው፤ ከላይ ላየው ወጡ ደህና ነው። እርር ድብን ያለ ሰው እንግዳ ተቀብሎ፣ ቡና ቀድቶ፣ ፈገግ ብሎ ሊሸኝ የሚችለው ለዚህ ነው። ሰው ሁሉ «በጣም ተናደደ» የሚባልበትን ጽሑፍ ሳነብ ይህ ሁሉ ድስት ያሳዝነኛል። «ስሜታዊ ሆነ» የሚለውንማ አታንሱብኝ፤ አለቀሰ ይሁን ተማታ እንኳ አይለይም።

ተንተከተከ ብቻውን አይታመንም። ሽሮ በለዘብተኛ እሳት ላይ የሚያደርገው ነው፤ ሰውም በሳቅ ይንተከተካል፣ በንዴትም ይንተከተካል። «በሳቅ» ወይም «በንዴት» የምትለዋን ቃል ካላስቀደምን አንባቢው ሽማግሌውን እያሳቀ ሳለ እኛ እያናደድነው ሊሆን ይችላል። ተንተከተከ፣ ተንጨረጨረ፣ ተንገበገበ፣ ተንቀለቀለ፣ ተንቀጠቀጠ፤ ሁሉም ሁለት ፊደል ደግመው፣ «ተን» ተደርቦባቸው የመጡ ናቸው። ስሜቱ እንደ ነበልባል ሲመላለስ እነሱን ነው የምንጠራው። አንዴ ብልጭ ብሎ ለሚያልፈው ደግሞ «አለ» ይበቃዋል፦ ቱግ አለ፣ ቦግ አለ፣ ክው አለ። የሁለቱን ቦታ ማለዋወጥ አይቻልም፤ ሰው ክው ብሎ አይውልም።

ሌላው የሚገርመኝ ባለቤቱ ማን እንደሆነ ነው። ግልፍ አለኝ፣ ነሸጠኝ፣ ሆድ ባሰኝ፣ ሲቃ ያዘኝ፣ ደስ አለኝ። በአንዱም ውስጥ አድራጊው እኔ አይደለሁም፤ ስሜቱ ከውጭ መጥቶ እኔ ላይ ነው የሚወድቀው። ሰው አስቀይሞ ይቅርታ የሚጠይቅ ሁሉ «ግልፍ ብሎኝ ነው» የሚለው ወዶ አይደለም፤ ሰዋስው ጠበቃ ቆሞለታል። ተናደድኩ ካለ ግን ጥፋቱ የራሱ ነው።

ወደ ደስታው። ደስታ ምድጃ ዳር አይቀመጥም፤ እግር ነው፣ ያውም የጥጃ እግር። ቦረቀ፣ ፈነጨ፣ ዘለለ። ጮቤ እንኳ ከመርገጥ ተለይታ ስትሄድ አትታይም። ከእነዚህም ጥንቃቄ የሚሻው ፈነጨ ነው፦ ጥጃ መስክ ላይ ሲፈነጭ ያምራል፤ ሰው በሰው ላይ ሲፈነጭ ግፍ ነው። ፈነደቀ ከሁሉ ንጹሕ ይመስለኛል። ፈንጠዝያ ግን ሲጠራ ራሱ ገንዘብ ሲባክን ይሰማል።

ከዚህ በላይ የተደሰተ ሰውማ ስም ይወጣለታል። ቀበጠ ይባላል፣ ቀልቃላ፣ ቀዥቃዣ። «የቀበጡ ለት ሞት አይገኝም» ተብሎ ይተረትበታል። ያዘነ ሰው ቢበዛ ማጭድ ይከለከላል፤ «ሆድ ለባሰው ማጭድ አታውሰው» ምክርነቱ ለአዋሹ ነው፣ ያዘነውን ሰው ማንም አልሰደበውም። ከልክ ያለፈ ንዴት ምግብ ቤት የሚያህል መዝገብ ሲኖረው፣ ከልክ ያለፈ ደስታ ስድብ ነው የተረፈው። ብዙ ከሳቅን በኋላ «ኧረ ምን ሊያመጣብን ነው?» የምንለውም ከዚሁ ሳይሆን አይቀርም። እንግዲህ አሁን ልጆቹ በየመልእክቱ «ሞትኩ»፣ «አበድኩ» ቢሉ ምን ይፈረድባቸዋል? ቀልቃላ ከመባል መሞት ሳይሻላቸው አይቀርም።

የምፈልገው ግን አንዱንም አይደለም። እግር ገና ያልተነሳበት፣ ጮቤ ያልተረገጠበት፣ ሰው ዝም ብሎ በሩን የሚያይበት ሰዓት አለ። ሲቃ ትቀርበው ነበር፤ ለደስታም ለሐዘንም ጉሮሮ ላይ የምትቆመው እሷ ናት። ግን ሲቃ የምትይዘው ሰውዬው በር ላይ ከደረሰ በኋላ ነው። ገና 4 ወር ለቀረው መምጣትስ?

ስልኬን አሁን አነሳሁት። ለካ ቅድም መልሼላታለሁ።

«እሺ» ይላል።