ርካሹ የአደን ጠብመንጃዬ የት ላይ ነው የተቆጠበበት?

ርካሽ ባለመቀርቀሪያ ጠብመንጃ (መቀርቀሪያውን በእጅ እየሳቡ የሚያቀባብሉት) የገዛ ሰው ከሁሉ በፊት የሚጠየቀው አንድ ነገር ነው። «ይመታል?» እኔንም የሚጠይቁኝ ይኸንኑ ነው። አዎ፣ ይመታል። እጥፍ ዋጋ ካላቸው ከብዙዎቹ እኩል ይመታል። ግን እኔ ብጠየቅ የምመርጠው ሌላ ጥያቄ ነው፤ ዋጋው ዝቅ ያለው ከየት ተቀንሶ ነው? ብዙ ከያዝኩት በኋላ የደረስኩበትን ልንገራችሁ። የተቆጠበው ጥይቱ በሚነካው ክፍል ላይ አይደለም፤ እጃችን በሚነካው ክፍል ላይ ነው። ሰደፉ፣ መቀርቀሪያው፣ ጥይት የሚሞላበት ካዝናው፣ አብሮ የሚሸጠው ማነጣጠሪያ መነጽር። ይህን አውቆ የገዛ ሰው ይወደዋል። ሳያውቅ የገዛ ግን ያማርራል፤ የሚያማርረውም ብዙ ጊዜ ጥፋት በሌለበት በርሜል ላይ ነው።

የኔው 308 ዊንቸስተር ለሚባለው የጥይት ዓይነት የተሠራ ነው። የባለቤቴ ወንድም ያንኑ ሞዴል በሌላ የጥይት ዓይነት፣ በ6.5 ክሪድሞር፣ ይዟል። ሦስተኛው የአደን ጓደኛችን ዕድሜያቸው የገፋ ሰው ናቸው፤ ጋሼ ነው የምላቸው። ለብዙ ዓመት የዋልነት ሰደፍ ያለው የሚያምር ጠብመንጃ ነበራቸው። አሁንም አላቸው። ለዝናብና ለጭቃ ቀን ብለው ግን ርካሹን ጨመሩበት። የምጽፈው ከሦስታችን ልምድ ነው።

መጀመሪያ ስለ በርሜሉ። በ1898 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) የወጣው የማውዘር ጠብመንጃ እስከ ዛሬ የሚከበር ሥራ ነው። ግን አካሉ፣ ማለትም መቀርቀሪያው የሚገባበትና በርሜሉ የሚታሰርበት ክፍል፣ ከወፍራም ብረት ተፈልፍሎ የሚወጣ ስለሆነ የባለሙያ ሰዓት ይበላል። በ1948 የአሜሪካው ጠብመንጃ ሠሪ ሬሚንግተን ሞዴል 721ን ሲያወጣ አካሉን ክብ አደረገው። ክብ ነገር በማሽን ላይ እያዞሩ መሥራት ቀላል ነው። በ1958 ደግሞ የሌላው አሜሪካዊ ሠሪ፣ የሳቬጅ፣ ሞዴል 110 መጣ። እዚህ ላይ ብልሃቱ በርሜሉ ላይ የምትጠመዘዝ አንዲት ትልቅ ዳዶ ናት። በርሜሉ ከአካሉ ጋር ሲገጠም በመቀርቀሪያው ፊትና ጥይቱ በሚቀመጥበት ቦታ መካከል ያለው ልክ በጣም ትክክል መሆን አለበት። ድሮ ይህ በጥንቃቄ እየተሞረደ የሚደረስበት ነበር። በሳቬጅ ግን ሠራተኛው መለኪያውን ያስገባል፣ በርሜሉን እስኪነካው ያዞራል፣ ዳዶዋን ያጠብቃል። አለቀ። የበርሜሉ ውስጥ ጠመዝማዛ መስመርም ቢሆን ዛሬ በብዙ ፋብሪካ በማሽን መዶሻ ይቀጠቀጣል፤ ቅርጹን የያዘ ጠንካራ ዘንግ ውስጥ ይገባና ብረቱ ከውጭ ይመታል። በደቂቃዎች ውስጥ ቀጥ ያለ በርሜል ይወጣል። በ2010 ኤጅ ተብሎ ወጥቶ ኋላ አክሲስ የተባለው ሳቬጅም፣ በ2012 የመጣው ሩገር አሜሪካንም የዚህ ታሪክ ልጆች ናቸው። ጥሩ በርሜል ውድ መሆኑ ቀረ። ይህ ለኔ ትልቅ ነገር ነው፤ ኪሱ የሳሳ አዳኝ እንስሳውን ሳያሰቃይ በአንድ ጥይት የሚጥል መሣሪያ አገኘ ማለት ነው።

የኔው የሚስማማውን ጥይት ሲያገኝ በ100 ሜትር ሦስት ጥይት በ3 ሴንቲ ሜትር ውስጥ ያሳርፋል። ሦስት ጥይት ግን ያሞኛል። አስር ስተኩስ ጥይቶቹ ያረፉበት ክብ ይሰፋል፤ የማንም ጠብመንጃ ይሰፋል። እኔ የማምነው ሰፊውን ክብ ነው። መካከለኛ አካል ያለው አጋዘን ልቡና ሳንባው ያለበት ቦታ ስፋቱ ወደ 20 ሴንቲ ሜትር ይጠጋል። በ100 ሜትር 5 ሴንቲ ሜትር የሚሰፋ ጠብመንጃ በ200 ሜትር ወደ 10 ቢሰፋ እንኳ ቦታው ይበቃዋል። ከዚያ በላይ የሚያስተው የኔ ትንፋሽና የኔ ትከሻ ነው።

«የሚስማማውን ጥይት» ያልኩት ለወግ አይደለም። እያንዳንዱ በርሜል ምርጫ አለው። ጥይቱ ሲወጣ በርሜሉ ይርገበገባል፤ የጥይቱ ክብደትና ፍጥነት ሲለያይ ርግብግቡም ይለያያል። የኔው ባለ 150 ግሬን (ግሬን የጥይት ክብደት መለኪያ ነው) ይበትናል፤ 165 ሲሰጡት ይሰበስባል። ሌላ ሰው ያንኑ ሞዴል ይዞ ተቃራኒውን ሊያገኝ ይችላል። ስለዚህ ርካሽ ጠብመንጃ የገዛ ሰው ሦስት አራት ዓይነት ጥይት አንድ አንድ ፓኮ ገዝቶ ይሞክር። በርሜሉ ቀጭን ስለሆነ ቶሎ ይግላል፤ ሲግል ደግሞ ክቡ ይከፈታል። ሦስት ተኩሶ ማቆም፣ ማብረድ፣ እንደገና መጀመር። ትዕግሥት ይጠይቃል።

አሁን ወደ ሰደፉ። አብዛኛው እሮሮ ያለው እዚህ ነው፤ እሮሮውም እውነት አለው። ሰደፉ በቅርጽ ማውጫ ውስጥ ፈስሶ የወጣ ፕላስቲክ ነው፤ ውስጡ ባዶ ነው። መታ ሲያደርጉት እንደ ባዶ ጀሪካን ይጮኻል። ድምፁ ራሱ ችግር አይደለም። ችግሩ የፊተኛው ክፍል መታጠፉ ነው። በርሜሉ ሰደፉን ሳይነካ ተንሳፍፎ መቀመጥ አለበት። ሰደፉ ታጥፎ ከነካው ርግብግቡ ይቀየራል፤ ጥይቱም ሌላ ቦታ ያርፋል። ወረቀት አጥፋችሁ በበርሜሉና በሰደፉ መካከል አሳልፉት። ባዶውን ሲያልፍ አይበቃም። ጠብመንጃውን እንደምትተኩሱበት አድርጋችሁ አስደግፉት፣ ከዚያ እንደገና አሳልፉ። ሁለት እግር ያለው መደገፊያ ጫፉ ላይ ተገጥሞ ከላይ ሲጫኑት ወረቀቱ የሚይዝባቸው ብዙ ናቸው። ማንገቻውን አጥብቆ እጅ ላይ ጠምጥሞ የሚተኩስም ያው ነው፤ ሰደፉን ወደ ጎን ይስበዋል።

መድኃኒቱ ቀላል ነው። እኔ የጫፍ መደገፊያ አልጠቀምም። ከካዝናው ፊት ለፊት፣ ሰደፉ ወፍራም በሆነበት ቦታ ላይ ቦርሳዬን አስገብቼ አስደግፋለሁ። የባለቤቴ ወንድም ደግሞ የሰደፉን ቦይ በብርጭቆ ወረቀት ፍቆ አሰፋው። ሁለቱም ይሠራል።

ስለ ሰደፍ ስናወራ ማንም የማያነሳው አንድ ነገር አለ። ልክ! ከምላጩ እስከ ሰደፉ መጨረሻ ያለው ርዝመት በአብዛኛው 34 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። ይህ ለወንድ ቁመት የተለካ ነው። እኔ አጭር ሴት ነኝ። ሰደፉ ብብቴ ውስጥ ይሰነቀር ነበር፤ ዓይኔም ለመነጽሩ አይደርስም። አጠር ያለውን ስሪት፣ ወደ 32 ሴንቲ ሜትር የሆነውን፣ ስገዛ ሁሉም ነገር ቦታው ገባ። ጠብመንጃው 3 ኪሎ ገደማ ስለሆነ በ308 ይራገጣል፤ ልክ ያለው ሰደፍ ግን ርግጫውን ትከሻ ላይ በደንብ ያሳርፈዋል። ሴቶችና ወጣቶች ጠብመንጃ «አይመቸኝም» ሲሉ ብዙ ጊዜ ያልተመቻቸው ሰደፉ ነው። ሻጩ «ትለምጂዋለሽ» ቢላችሁ አትስሙት። ርግጫ የምትፈሩ ከሆነ ደግሞ 6.5 ክሪድሞር ወይም 243 ዊንቸስተር ውሰዱ፤ ጥይቱ ከሚታደነው እንስሳ ጋር እስከተመጣጠነ ድረስ።

ጋሼ ግን ሰደፉን ይወዱታል። «የኔው እንጨት ዝናብ ሲጠጣ ያብጣል፣ ፀሐይ ሲያገኝ ይኮማተራል። በየወቅቱ ዒላማ ላይ ወጥቼ ላስተካክለው ነው። ይሄኛውን ውኃ ውስጥ ብትነክሪው ያው ነው» ይሉኛል። እውነታቸውን ነው።

መቀርቀሪያው አዲስ ሲሆን ሻካራ ነው፤ አሸዋ የገባበት ይመስላል። ፋብሪካው ለማለስለስ ጊዜ አላጠፋበትም። ጥይት አለመኖሩን ሁለቴ አይቶ ማታ ማታ ማመላለስ ያለሰልሰዋል። መቀርቀሪያውን ሲዘጋ ከሚቆልፉት ጥርሶች ቁጥር ጋር የሚሄድ አንድ ነገርም አለ። ሁለት ጥርስ ያለው ለመክፈት 90 ዲግሪ ያህል ይነሳል። ሦስት ጥርስ ያለው 60 ወይም 70 ይበቃዋል፤ እጅ ከመነጽሩ ሥር አይጨናነቅም። ግን አጭር መንገድ ስለሆነ ሲነሳ ከበድ ይላል። በጣት ጫፍ ሳይሆን በመዳፍ ማንሳት ነው። ስታቀባብሉ ደግሞ እስከ መጨረሻው ሳቡ። በስሱ የተሳበ መቀርቀሪያ ባዶውን ቀለህ ያወጣና አዲሱን ሳያነሳ ይመለሳል። ሁለተኛውን ጥይት በምትፈልጉበት ሰዓት ባዶ ቤት ትዘጋላችሁ።

ካዝናው ላይ ብዙ አልቆይም። ፕላስቲክ ነው፣ መያዣው ይላላል። ትርፍ አንድ ግዙ፤ ሲገባ ቀጭ ካለ በኋላ ወደ ታች ሳብ አድርጋችሁ አረጋግጡ።

ምላጩ ከተጠበቀው በላይ ነው። ሳቬጅ በ2002 መሃሉ ላይ ምላስ ያለውን፣ በባለቤቱ የሚስተካከለውን ምላጭ ካስተዋወቀ በኋላ ሌሎቹም ተከተሉ። ዛሬ በብዙ ርካሽ ሞዴሎች ላይ ጥርት ያለ ምላጭ ይገኛል። ማስተካከያ ያለው ከሆነ መመሪያው በሚፈቅደው ልክ ብቻ አስተካክሉ። ስፕሪንግ መቁረጥ፣ መሞረድ የሚባለውን ምክር አልሰማም፤ ሲወድቅ የሚተኩስ ጠብመንጃ ይዞ ከሰው ጋር መሄድ አይቻልም።

ከሁሉ በላይ የምለፈልፈው ስለ መነጽሩ ነው። ከጠብመንጃው ጋር ተገጥሞ የሚሸጠው መነጽር የጥቅሉ ደካማ ጎን ነው። ሲመሽ ይጨልማል፤ አዳኝ የሚፈልገው ደግሞ ንጋትንና ምሽትን ነው። አገጣጠሙም የችኮላ ነው። የባለቤቴ ወንድም ጥይቱ አንዴ ግራ፣ አንዴ ላይ እያረፈ አስቸገረው። በርሜሉን ጠረጠረ፣ ሊሸጠው ገዢ አፈላለገ። ጋሼ መነጽሩን በእጃቸው ያዝ አድርገው ነቅነቅ አደረጉት። ተነቃነቀ። ከሥሩ ያለው የፊተኛው መያዣ ብሎን ላልቶ ኖሯል። ሁሉንም ፈትተው፣ ዘይቱን ጠርገው፣ በልክ መፍቻ መልሰው አሰሩት። ያ ጠብመንጃ ዛሬ ከሦስታችን በላይ የሚሰበስበው ነው።

ስለዚህ ክቡ ሲበተን ቅደም ተከተል አለው። በመጀመሪያ የመነጽሩ መያዣ ብሎኖች፤ ከዚያ ሰደፉን ከአካሉ ጋር የሚያስሩት ብሎኖች፤ ከዚያ የወረቀቱ ፈተና፤ ከዚያ ሌላ ዓይነት ጥይት፤ ከዚያ ሌላ መነጽር። በርሜሉ የሚጠረጠረው ይህ ሁሉ ካለቀ በኋላ ነው። ጠብመንጃው ላይ የተረፋችሁ ገንዘብ ካለ መነጽሩና መያዣው ላይ አውሉት።

የብረቱ ቀለም ስስ ነው። ዝናብ ከነካው በዚያው ቀን ካልተወለወለ በማግስቱ ቡናማ ነጥብ ያወጣል። ላብም ያው ነው። ቤት ስገባ ከራሴ ልብስ በፊት እሱን አደርቃለሁ። በርሜሉ ውስጥ የቀባሁትን ዘይት ግን ከመውጣቴ በፊት እጠርገዋለሁ። ዘይት ያለበት በርሜል የመጀመሪያውን ጥይት ሌላ ቦታ ሊልከው ይችላል። ጭቃ ወይም በረዶ የገባበት ደግሞ ሊፈነዳ ይችላል።

ሴፍቲውን በተመለከተ አንድ ማወቅ ያለባችሁ ነገር አለ። በአንዳንድ ርካሽ ሞዴሎች ሴፍቲው ምላጩን እንጂ መቀርቀሪያውን አይቆልፍም። ጥሩ ጎኑ፣ ሴፍቲው ላይ እያለ ጥይቱን ማውጣት ይቻላል። መጥፎ ጎኑ፣ ቁጥቋጦ ውስጥ ስትሄዱ እጀታው ተጠልፎ ይከፈታል፤ ጥይቱም ሳታውቁት መሬት ይወድቃል። እኔ በጥሻ ስሄድ ጥይቱን ካዝናው ውስጥ ብቻ አድርጌ ነው የምሄደው። አጥር ስሻገርም ባዶ ነው።

ያገለገለ የምትገዙ ካላችሁ መቀርቀሪያውን አውጥታችሁ በበርሜሉ ውስጥ ወደ ብርሃን ተመልከቱ። የአፈሙዙን ጠርዝ በደንብ እዩት፤ እዚያ ላይ ያለ ጉዳት ጥይቱን ያስታል። የመቀርቀሪያው ጥርሶች ሁለቱም ወይም ሦስቱም እኩል ማብረቅረቃቸውን፣ የመነጽሩ መያዣ ቀዳዳዎች ጥርሳቸው አለመበላቱን አረጋግጡ። ሰደፉ ቢጫጫርም ግድ የለም፤ እሱ ይቀየራል።