ሳልሞን ላይ ኬላ የያዙት የባህር አንበሶች

ሲያትል ከተማ፣ ባላርድ ሰፈር ያለው የዓሣ መመልከቻ መስታወት ባዶ ነበር። ደብዘዝ ያለው ክፍል ውስጥ ቆመን አረንጓዴ ውሃና አረፋ ብቻ እናያለን። "ሐምሌ ላይ ብትመጪ ግጥም ብሎ ነበር የምታገኚው" አለኝ የአክስቴ ልጅ። ሲያትል የከረመ የከባድ መኪና ሾፌር ነው፤ እንግዳ በመጣበት ቁጥር እዚህ ያመጣል፣ መግቢያው ነጻ ስለሆነ። እውነቱን ነው፣ በፈረንጆቹ በጋ ሶካይና ቺኑክ የሚባሉት የሳልሞን ዓይነቶች በዚህ ያልፋሉ። እኔን የሳበኝ ግን በወቅቱ ብመጣም የማላገኘው ዓሣ ነው፤ በፈረንጆቹ ክረምት፣ በብርዱ ወራት ይመጣ የነበረው ስቲልሄድ የሚባለው የሳልሞን ዘመድ።

ቦታው የዋሽንግተንን ሐይቅ ከፑጄት ሳውንድ የባህር ወሽመጥ ጋር የሚያገናኘው ቦይ በር ነው። በ1917 ተመርቆ (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው) እስካሁን የሚያስተዳድረው የአሜሪካ ጦር የመሐንዲሶች ክፍል ነው። ከባህር ወጥቶ እንቁላሉን ለመጣል ወደ ሴዳር ወንዝ የሚሄድ ዓሣ ሌላ መንገድ የለውም፤ ወይ በመርከቦቹ በር፣ ወይ ጎኑ ላይ በተሠራው ባለ 21 እርከን የዓሣ መሰላል ነው የሚያልፈው። በ1980ዎቹ ጥቂት የካሊፎርኒያ የባህር አንበሶች፣ ዓሣ የሚበሉ ትልልቅ የባህር አጥቢ እንስሳት፣ ይህችን ጠባብ በር አገኟት። እንደ ኬላ ቀራጭ ደጃፏ ላይ ተቀምጠው ከሚያልፈው ሁሉ ድርሻቸውን ይወስዱ ጀመር። የሲያትል ሰው መጀመሪያ ወደዳቸው፤ ሄርሼል ብሎ ስም አወጣላቸው።

ከዚያ ወዲያ ያልተሞከረ ነገር የለም። ውሃ ውስጥ ርችት ተተኮሰባቸው፣ ጫፉ ጎማ በሆነ ቀስት ተወጉ፣ የሚያስመልስ መድኃኒት ያለበት ዓሣ ተሰጣቸው። በመኪና ተጭነው ደቡብ ካሊፎርኒያ ድረስ ተወሰዱ፤ በሳምንታት ውስጥ ዋኝተው ተመለሱ። በ1996 ደግሞ እንዲያስፈራራቸው ከፋይበርግላስ የተሠራ አስመሳይ ኦርካ፣ የባህር አንበሳ የሚበላው ትልቅ የባህር አዳኝ፣ ውሃው ላይ ተቀመጠ። ይህን ስነግረው የአክስቴ ልጅ ሳቁን መቆጣጠር አቃተው። አንበሶቹ ግን ከቁብም አልቆጠሩት። እንዳይገደሉ የ1972ቱ የባህር አጥቢ እንስሳት ጥበቃ ሕግ ይከለክላል፤ ለክፍለ ግዛቶች በጠባቡ ፈቃድ የሚሰጥ ማሻሻያ የመጣው በ1994 ነው። የዚያን ክረምት በበሩ ያለፈው ስቲልሄድ 70 ብቻ ነበር። ከአሥር ዓመት ገደማ በፊት ከ2,000 በላይ ይቆጠር ነበር። በመጨረሻ ሦስቱ ዋነኞች ፍሎሪዳ ወዳለ የባህር እንስሳት መዝናኛ ተላኩ። ዓሣው ግን አላገገመም።

አሁን በባላርድ የሚያስቸግሩት ከባህር አንበሳ ይልቅ አነስ የሚሉት አቆስጣዎች ናቸው። አንዱን ከግድቡ ሥር አየሁት፤ ራሰ በራ ሽማግሌ መስሎ ብቅ ብሎ አየንና ሰጠመ። ከ2020 ጀምሮ ተመራማሪዎች በስኮትላንዱ ሴንት አንድሩስ ዩኒቨርሲቲ የተፈለሰፈ መሣሪያ እዚህ ሞክረውባቸዋል። የድሮዎቹ የድምፅ ማባረሪያዎች ጆሮ እስኪያደነቁር ይጮሁ ነበር፤ እንስሶቹ ግን ይለምዱታል፣ ጭራሽ "ዓሣ እዚህ አለ" የሚል ጥሪ ያደርጉታል። አዲሱ አጭርና ድንገተኛ ድምፅ ነው የሚለቀው፣ የሚያስበረግግ። ጥሩ ሐሳብ ነው፤ ለዚህ በር ስቲልሄድ ግን የመጣው ከመሸ በኋላ ነው።

ከሲያትል ወደ ደቡብ ሦስት ሰዓት ያህል ነድተን ፖርትላንድ፣ ከዚያ ኦሪገን ሲቲ ገባን። የዊላሜት ፏፏቴ ከአውራ ጎዳናው ዳር ካለው መመልከቻ ይታያል። በግራ በቀኙ ያረጁ የወረቀት ፋብሪካዎች ተገጥግጠውበት መልኩ ጠፍቷል፤ ለፎቶ የሚሆን ቦታ አይደለም። የባህር አንበሶች ግን ከባህር 200 ኪሎ ሜትር ገደማ ሽቅብ ዋኝተው ይደርሱበታል። በ2017 ፏፏቴውን ያለፈው የክረምት ስቲልሄድ 512 ብቻ ሲሆን፣ የኦሪገን የዱር እንስሳት ባለሥልጣን ከመንጋው ሩቡን ያህል የበሉት የባህር አንበሶች መሆናቸውን ገመተ። እዚህም መጀመሪያ አንበሶቹን ጭነው ባህር ዳርቻ ወሰዷቸው፤ ሳምንት ሳይሞላ ተመለሱ። በ2018 መጨረሻ ፈቃድ ተገኘና በዓመቱ 33 ተገደሉ። በቀጣዮቹ ዓመታት የስቲልሄዱ ቁጥር ወደ ሺዎች ተመለሰ። ከባላርድ የመጣ ሰው ይህን ሲሰማ የሚቆጨው ነገር አለ፤ በሩን የለመዱት ጥቂት ሆነው ሳለ ቢወሰዱ፣ የሚሞተውም እንስሳ ያንሳል፣ የሚተርፈውም ዓሣ ይበዛል። አንዱ ከሌላው እያየ ነውና የሚማረው።

ቦነቪል ግድብ ላይ ነገሩን በዓይኔ አየሁት። ግድቡ ኮሎምቢያ ወንዝ ላይ ነው፣ ከባህር 235 ኪሎ ሜትር። ከግድቡ ሥር ውሃው ነጭ ሆኖ ይፈላል። ከአረፋው ዳር ጥቁር ራስ ብቅ አለ፤ አፉ ላይ የሰው ክንድ የሚያህል የሚያብለጨልጭ ቺኑክ ነክሷል። የባህር አንበሳ አላምጦ አይበላም። ዓሣውን እንደያዘ አንገቱን ግራና ቀኝ እየወነጨፈ ውሃው ላይ ያላትመዋል፣ ሲቦጨቅ ቁራጩን ይውጣል፣ የቀረውን ጠልቆ ያነሳል። ሁለተኛው ምት ላይ የዓሣዋ ሆድ ተተረተረና ብርቱካናማ የእንቁላል ጥቅል ወጣ። አንዲት የባህር ወፍ ነጥቃ በረረች። ዓሣዋ ያን ሁሉ መንገድ የመጣችው ያን እንቁላል ልታደርስ ነበር።

ካሊፎርኒያዎቹ እዚህ የሚመጡት ወንዶቹ ብቻ ናቸው፣ ሴቶቹ ደቡብ ይቀራሉ። አንዳንዶቹ ጀርባ ላይ በጋለ ብረት የተተኮሰ ቁጥር አለ፤ ሠራተኞቹ ለይተው ያውቋቸዋል። የዓሣ መሰላሉ አፍ ላይ ዓሣ አሳልፎ እነሱን የሚያግድ የብረት ፍርግርግ ተገጥሟል፣ በጀልባም ይባረራሉ። የማይመለሱት ላይ ግን ሕጉ ጠንክሯል፦ በ2018 ኮንግረሱ አዲስ ሕግ አወጣ፣ በ2020 ደግሞ ለዋሽንግተን፣ ለኦሪገን፣ ለአይዳሆና ለነባር ሕዝቦች በአምስት ዓመት ውስጥ እስከ 540 የካሊፎርኒያና 176 ስቴለር የሚባለው ዓይነት የባህር አንበሶች እንዲያስወግዱ ተፈቀደ። ተንሳፋፊ ወጥመድ ላይ ሊያርፉ ሲወጡ ይያዛሉ፣ ከዚያ የሞት መርፌ።

"እንስሳው ምን አጠፋ?" አለ የአክስቴ ልጅ። "ግድቡን የሠራው ሰው፣ ዓሣውን በመረብ የጨረሰው ሰው፣ መርፌው ለሱ!"

መልስ አጣሁ ማለት አልችልም። ግድቡ ባይኖር ዓሣው እዚህ ተሰብስቦ አይጠብቃቸውም ነበር፤ ልክ ነው። ነገር ግን የካሊፎርኒያ የባህር አንበሳ ከ250,000 በላይ ሆኗል፣ ጥበቃው ሠርቷል። የጠፋው ዓሣ ግን በየወንዙ ለብቻው የሚቆጠር ዘር ነው፤ አንዱ ወንዝ ላይ ካለቀ ከሌላው ወንዝ አምጥተው አይተኩትም። ግድቡ ይፍረስ የሚለው ክርክር ገና ብዙ ዓመት ይፈጃል፣ ዓሣው እስከዚያ አይቆይም። ይህን ስነግረው "አንቺ ደግሞ ዳኛ ሆነሻል" አለኝ። ዝም ብዬ አለፍኩት።

ካስኬድ ሎክስ የምትባለው ከተማ ጥቂት ደቂቃ ናት። የአማልክት ድልድይ ከሚሉት የብረት ድልድይ ሥር የነባር ሕዝቦች ዓሣ አጥማጆች በረዶ በሞላ ሣጥን ሳልሞን ይሸጣሉ። በዚህ ወንዝ የማጥመድ መብታቸው ከ1855ቱ ውሎች ይመነጫል፤ ትልቁ ማጥመጃቸው ሴሊሎ ፏፏቴ ግን በ1957 ሌላ ግድብ ሲሞላ ሰጥሟል። ሻጯን ስለ ባህር አንበሶቹ ጠየቅኳት። ከሣጥኑ አንዱን ዓሣ አነሳችና ጎኑን አሳየችኝ፤ አራት ትይዩ ጭረት፣ ቆዳው ተልጦ የዳነ። "አምልጦ ነው" አለች። "ይሄንን በቅናሽ እሰጣችኋለሁ።"

የአክስቴ ልጅ ዓይኑ በራ። ጭረቱን በጣቱ እየነካ በአማርኛ "ቆዳውን እንገፈዋለን፣ ጉዳት የለውም" አለኝና፣ ለሴትየዋ በእንግሊዝኛ ሌላ ቅናሽ መጠየቅ ጀመረ።