እምቦጭ ውሃ ይጨርሳል? ክርክሩን በባልዲ መፍታት

ባሕር ዳር ያለ ተማሪ ሁሉ «እምቦጭ ጣናን ይጠጣዋል» ሲባል ሰምቷል። ስለዚህ በ6ኛ ክፍል ሳይንስ አባባሉን ትቼ የምጀምረው ከጥያቄ ነው፦ ቅጠሉ ውሃውን ከፀሐይ ይከልለዋልና ትነቱን ይቀንሳል ወይስ ይጨምራል?

መነሻው እምቦጩን የሚያሳይ ከ3 ደቂቃ የማይበልጥ ቪዲዮ ነው። ስልኩን አግድም ይዤ ጠዋት እቀርጻለሁ፤ ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ድምፁን፣ ነጸብራቁ ምስሉን ያበላሻሉ። ተራኪ ያለበትን ፊልም አላሳይም፤ መልሱን ይነግርና ክርክሩን ይገድለዋል። መብራት ከጠፋ ላፕቶፑ በባትሪ ቢሠራም ፕሮጀክተሩ አይሠራም፤ ስለዚህ አራት ምስሎች በኤ4 ወረቀት ታትመው ይቀመጣሉ።

ከዚያ እያንዳንዱ ቡድን ግምቱን ጽፎ ወደ ሙከራው ይገባል። አፋቸው እኩል የሆነ ሦስት ባለ 20 ሊትር ባልዲዎች ያስፈልጋሉ፤ በእያንዳንዱ 15 ሊትር የሐይቅ ውሃ ይገባል። በቧንቧ ውሃ እምቦጩ ምግብ አጥቶ ሊገረጣ፣ ልዩነቱም ሊቀንስ ይችላል። አንዱ ባልዲ ባዶ ውሃ ብቻ ነው፤ በሁለተኛው ጤነኛ እምቦጭ፣ በሦስተኛው ላዩን የሚሸፍን የፎም ቁራጭ ይንሳፈፋል።

የውሃው ከፍታ ምልክት በማርከር የሚሰመረው ተክሉና ፎሙ ከገቡ በኋላ ነው፤ ሥሩ ራሱ ውሃውን ከፍ ያደርገዋልና። ልኬቱን በማስመሪያ አንወስድም፤ ግንዱ ከውሃው ላይ ቦታ ስለሚይዝ ያሳስታል። በየቀኑ በተመሳሳይ ሰዓት እስከ ምልክቱ ስንት ሚሊ ሊትር እንደተጨመረ ይመዘገባል። ባልዲዎቹ ክፍል ውስጥ ከተቀመጡ ብዙም አይለያዩም፤ ፀሐይ ያለበት ግቢ ይሻላል፣ ያውም በበጋ። ፍየልና ወፍ እንዳይጠጡ ወንፊት ሽቦ ከተደረገ ለሦስቱም መሆን አለበት፤ ለአንዱ ብቻ ከሆነ ጥላው ውጤቱን ያዛባል።

ፎም ያለው ትንሹን፣ እምቦጭ ያለው ብዙውን ጊዜ ትልቁን ውሃ ያጣል። እኔ በጣም የምወደው ክፍል ይህ ነው፦ «ጥላው ይከላከላል» ያሉት ልጆችም ልክ ነበሩ፤ እምቦጩ ግን ከጥላው ባለፈ ውሃውን በሥሩ ስቦ በቅጠሉ ቀዳዳዎች ያስወጣዋል። «ታዲያ ደንገልስ?» የሚል ልጅ አይጠፋም፤ ለዚያ አራተኛ ባልዲ ይጨመራል።

ውሃውንም ተክሉንም የሚያመጣው ቦቲና ጓንት ያደረገ አዋቂ ነው፤ በጣና ዳርቻ ብልሃርዚያ (ውሃ ውስጥ ያለ ጥገኛ ትል በቆዳ ገብቶ የሚያመጣው በሽታ) አለ። ውሃው ልጆች ሳይነኩት ቢያንስ 2 ቀን ይቀመጣል። እምቦጩ የሚወሰደው አስቀድሞ ካለበት ቦታ ነው፣ በተዘጋ ከረጢት። ሲያበቃ ሲሚንቶ ላይ ደርቆ ይቃጠላል። ፍሬው ጭቃ ውስጥ ለዓመታት ስለሚቆይ ዝቃጩ ወደ ሐይቁ በሚሄድ ቦይ አይደፋም፤ ከውሃ በራቀ ደረቅ መሬት ጉድጓድ ተቆፍሮ ይቀበራል።